ከመቀነት ቋጠሮ እስከ ቢትኮይን መዝገብ

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥቼ የእንጦጦን ዳገት በእግሬ ስወጣ፣ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል ከሚወርዱት እናቶች አንዲቱ ሸክማቸውን ከመንገዱ ዳር ካለ ካብ ላይ አሳርፈው አየሁ። ቆሎ ሊገዙ ኖሯል። ፊታቸውን ወደ ካቡ፣ ጀርባቸውን ወደ መንገደኛው አዞሩና መቀነታቸውን ላላ አድርገው ከቋጠሮው አንዲት የተጣጠፈች ብር መዘው አወጡ። ከፈሉ፣ መልሳቸውን ተቀበሉ፣ እንደገና ቋጠሩና ሸክማቸውን አንሥተው ወረዱ። ሻጯ ልጅ የሚገባትን አገኘች። በመቀነቱ ውስጥ ስንት እንደቀረ ግን እርሷም አላወቀች፣ እኔም አላወቅሁ።

ይህን ትንሽ ነገር ልብ ብዬ ያየሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። የእኅቴ ልጅ ማስታወቂያና መጽሔት በኮምፒዩተር እየነደፈ በውጭ አገር ላሉ ደንበኞች የሚሠራ ወጣት ነው። የሚከፍሉትም ዩኤስዲቲ በተሰኘው፣ ከዶላር ጋር እኩል ይሄዳል በሚባለው ክሪፕቶ ገንዘብ ነበር። ልጁ የመቀበያ አድራሻውን ከስሙ፣ ከፎቶግራፉና ከሰፈሩ ጋር በሥራ ማሳያ ገጹ ላይ ለጠፈው። አንድ ቀን ለአዲስ ደንበኛ ዋጋ ሲነግረው ደንበኛው “ባለፈው ወር ከእገሌ አድራሻ ይህን ያህል፣ ከእገሌ ደግሞ ያን ያህል ተቀብለሃል፤ ከእኔ እጥፍ የምትጠይቀው ስለ ምንድን ነው?” ሲል መለሰለት። ሳምንታት ቆይቶ ደግሞ ከማያውቀው ሰው መልእክት ደረሰው። የሒሳቡን ቀሪ እስከ ሳንቲሙ ጠቅሶ፣ ሰፈሩንም ጠርቶ፣ ግማሹን እንዲልክለት የሚያዝዝ ነበር። እናቱ በሩ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ አስገጠመች። ልጁም ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ አልነበረውም።

ማንም ኮምፒዩተሩን አልሰበረበትም፤ ማንም የምሥጢር ቃሉን አልሰረቀውም። ሁሉም ነገር በአደባባይ ተጽፎ የነበረ ነው። “በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች” እንዲሉ፣ ከባንክ ዓይን ያመለጠ የመሰለው ልጅ ራሱን ለዓለም ሁሉ ዓይን አጋለጠ። ለመሆኑ የገንዘብ ገመና በአገራችን ምን ታሪክ አለው? ከዚህ ታሪክስ ለዛሬው ዘመን የሚጠቅም ምን እናገኛለን? በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የወደድኩት ይህንኑ ነው።

ነገሩን ከዚሁ ከእንጦጦ እንጀምረው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፣ በግምጃ ቤታቸው የነበረው ዋናው ገንዘብ በኢትዮጵያ ስም የተቀረጸ አልነበረም። ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተዋል፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ በየጊዜው ሲመታ ያው መልክ፣ ያው የ1780 ቁጥር፣ 28 ግራም የሚጠጋው ያው ክብደት አልተለወጠም። በገጠሩም አሞሌ ጨው ከጎኑ ሆኖ ያገለግል ነበር።

የዚህ ብር ጠባይ ሊጤን ይገባዋል። ባላገሩ ሲቀበለው የንግሥቲቱን የዘውድና የደረት ጌጥ ነጠብጣቦች በጥንቃቄ ይመረምራል፤ እውነተኛነቱን ካረጋገጠ በኋላ ግን ብሩ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም፤ ብሩም አይናገርም። አንዱ ጠገራ ከሌላው ጠገራ አይለይም። ነጋዴው ከከፋ ይዞት የመጣው፣ መኰንኑ በግብር የሰበሰበው፣ መበለቲቱ ከሙዳይ ያወጣችው በአንድ ሚዛን እኩል ይመዝናሉ። ግብይቱ በሽማግሌና በዋስ ፊት ሲፈጸም የሚመሰክር ሰው አለ፤ ነገር ግን የሻጩን ሙዳይ ከፍቶ የሚቆጥር የለም። በአጭሩ የአባቶቻችን ገንዘብ ምስክር ነበረው፤ ተመልካች ግን አልነበረውም።

ምኒልክ በየካቲት 1885 ዓ.ም. የራሳቸውን ገንዘብ አወጁ፤ በፓሪስ የተመቱት ብሮችም 1887 የሚል ዘመን ተቀርጾባቸው መጡ። በየካቲት 1898 ዓ.ም. ደግሞ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ተከፈተ። ባለቤቱ ከነስሙ የተጻፈበት የገንዘብ መዝገብ በባንክ መልክ ወደ አገራችን የገባው ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ሕዝቡ ግን ጠገራውን አለቀቀም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በሊሬ ሊተካው ቢታገልም ባላገሩ ጠገራውን በገንቦ አድርጎ ቀበረ እንጂ አላስረከበም። የወራሪውን ወረቀት አለመቀበል በዚያ ዘመን ከአርበኝነት የሚቆጠር ነበር። ጠገራው ከሕጋዊ ገበያ የወጣው ከነጻነት በኋላ፣ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከታወጀ ወዲህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የገንዘብ ቋጠሮ በየጊዜው በአዋጅ የሚፈታበት ታሪክ ነው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮችን ወረሰ። በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ያለባቸው ኖቶች ተሽረው አዲስ ብር ወጣ። በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ በእኛም በኩል ኖቱ ተለወጠ። በመጨረሻም መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንደሚቀየሩና ባለ 200 ብር ኖት እንደሚጨመር ተነገረ። 2.9 ቢሊዮን ኖት ለማሳተም 3.7 ቢሊዮን ብር ወጪ ተደርጓል። መንግሥት ያቀረበው ምክንያት ኮንትሮባንድንና ሕገ ወጥ የገንዘብ ክምችትን መግታት ነበር፤ ምክንያቱ ከንቱ ነው አልልም። ከባንክ ውጭ ከ1.5 ሚሊዮን ብር በላይ ይዞ መገኘትም በዚያው ሰሞን ተከለከለ።

ይሁን እንጂ አዋጅ ሲወጣ የሚጋለጠው ኮንትሮባንዲስቱ ብቻ አይደለም። በሰፈራችን አንዲት አሮጊት ለቀብራቸውና ለተዝካራቸው ብለው ለዓመታት ያጠራቀሙትን ገንዘብ ከፍራሽ ሥር አውጥተው፣ በጎረቤት ልጅ አስቆጥረው ወደ ባንክ ይዘው ሲሄዱ አስታውሳለሁ። ብሩ አልጠፋባቸውም፤ ሙሉውን ለወጡ። ግን በማግሥቱ የአበዳሪነት ዝናቸው ሰፈሩን ሞላው፤ ብድር ጠያቂው በራቸውን አንኳኳ፤ የገዛ ልጆቻቸውም “እናታችን ይህን ያህል ይዘሽ ነው?” እያሉ አኮረፉ። “ገንዘቤን ባይወስዱብኝም ገመናዬን ወሰዱብኝ” አሉኝ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋችም።

ከዚህም የከፋ አለ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ያሉ የባንክ ቅርንጫፎች ተዘጉ፤ በዚያ የተከፈቱ ሒሳቦችም ባለቤታቸው በሌላ ከተማ ቢኖር እንኳ ታገዱ። ፖለቲካውን በየፊናችሁ ፍረዱት። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ በአንድ መዝገብ ሲጻፍ መዝገቡን የያዘው እጅ መልካምም ክፉም ለመሥራት እኩል ይቀለዋል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለው ዘመን ክሪፕቶ ገንዘብ መጥቶ ወጣቶቻችንን ቢያማልል አይገርምም። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ሰው በጥቅምት 2008 እ.ኤ.አ. ስለ ቢትኮይን የጻፈውን አጭር ጥናት አወጣ፤ በጥር 2009 እ.ኤ.አ. መዝገቡ ሥራ ጀመረ። ባንክ የለበትም፤ ፈቃድ የሚጠይቁት ሹም የለበትም፤ ስም አይጠየቅም። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ “እንግዲያው እንደ ጠገራ ብር ያለ ነው” ብሎ ደመደመ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው።

ጠገራ ብር ዝም ይላል፤ ቢትኮይን ግን ሁሉን ይናገራል። ብሎክቼይን የተባለው መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተደረገውን እያንዳንዱን ክፍያ፣ ከየትኛው አድራሻ ወደ የትኛው አድራሻ፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጽፎ ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርጎ ይዟል። አይሰረዝም፤ አይቃጠልም። የጎደለው የባለቤቱ ስም ብቻ ነው። ስሙ አንድ ቀን ከአንድ አድራሻ ጋር ከተገናኘ ግን ያለፈውም የሚመጣውም አብሮ ይገለጣል። በ2021 እ.ኤ.አ. የአሜሪካውን የኮሎኒያል ነዳጅ መስመር የዘጉ ወንበዴዎች 75 ቢትኮይን ቢቀበሉ፣ መርማሪዎች ዱካውን ተከትለው 63.7 ያህሉን በአንድ ወር ውስጥ አስመለሱ። በ2016 እ.ኤ.አ. ከቢትፊኔክስ ገበያ ከተሰረቀው 119,756 ቢትኮይን ውስጥ 94,000 ያህሉ ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ተያዘ። ሌባ መያዙ መልካም ነው። ነገር ግን ሌባውን ያስያዘው ብርሃን ያንን ዲዛይነር ልጅ ለሌባ ያሳየው ብርሃን ራሱ መሆኑን አንርሳ።

በአገራችን ያለውንም ሕግ ሳልሸፋፍን ልናገር። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. መገባደጃ ብር ብቸኛው ሕጋዊ መገበያያ መሆኑንና በክሪፕቶ መገበያየት ያልተፈቀደ መሆኑን አስታውቋል። በዚያው ክረምት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በዘርፉ የሚሠሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጠየቀ። በሌላ በኩል እስከ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅታችን ከ21 የቢትኮይን አምራች ኩባንያዎች ጋር የኃይል ሽያጭ ውል መዋዋሉ በዓለም ጋዜጦች ተዘግቧል። ኃይላችን ቢትኮይን እንዲያመርት ተፈቅዶለታል፤ ዜጋው እንዲከፍልበት አልተፈቀደለትም። “የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው” ማለት ይህ አይደለምን? ስለዚህ የሚከተለውን የምጽፈው በአገር ቤት ያለ ሰው ሕግ እንዲጥስ ለማደፋፈር አይደለም። አያሌ ወገኖቻችን በሚፈቀድባቸው አገሮች ስለሚጠቀሙበት፣ አጠቃቀሙን ሳያውቁም ራሳቸውን ስለሚያጋልጡ ነው።

መድኃኒቱን ከእንጦጦዋ እናት መቀነት መማር ይቻላል። “ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል” ብለው የለ አባቶቻችን!

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ከፋይ የተለየ አድራሻ ስጡ። ይህን ሳቶሺ ራሱ በጥናቱ መክሮታል። ደኅና የቢትኮይን ዋሌት በየጊዜው አዲስ አድራሻ ያወጣል፤ ሁሉም በአንድ ቁልፍ ስለሚከፈቱ ባለቤቱን አይቸግሩም። አድራሻን ከስም ጋር በአደባባይ መለጠፍ ግን ቤትን ከነቁልፉ እንደማሳየት ባይሆን እንኳ ከነሙዳዩ እንደማሳየት ነው።

ሁለተኛ፣ ቋጠሮዎቻችሁን አትቀላቅሉ። በቢትኮይን እያንዳንዱ የተቀበላችሁት ክፍያ ራሱን የቻለ ቋጠሮ ነው። ለአንድ ዕቃ ሦስት ቋጠሮ አንድ ላይ ፈትታችሁ ብትከፍሉ፣ የሚያየው ሰው ሦስቱም የአንድ ሰው መሆናቸውን ይገምታል። ትልቅ ቋጠሮ ፈትታችሁ ጥቂት ስትከፍሉም መልሱ ወደ ሌላ አድራሻችሁ ይመለሳልና በእርሱ በኩል ዱካችሁን ይከተላል። ስለዚህ የትኛውን ቋጠሮ እንደምትፈቱ እናንተው የምትመርጡበት ዋሌት ይኑራችሁ። በዩኤስዲቲ የሚጠቀምም ቢሆን ከየአድራሻው ሰብስቦ ወደ አንድ ካከማቸ፣ ወይም የማስተላለፊያ ክፍያውን ለሁሉም ከአንድ አድራሻ ካከፋፈለ ድካሙ ከንቱ ነው። የዩኤስዲቲ አውጪው ኩባንያም የፈለገውን አድራሻ ማገድ እንደሚችል ዕወቁ።

ሦስተኛ፣ ለማን እንደምትጠይቁ ዕወቁ። ዋሌታችሁ “ስንት አለኝ?” ብሎ የሚጠይቀው የሌላ ኩባንያ ኮምፒዩተር ከሆነ፣ ያ ኩባንያ አድራሻዎቻችሁን በሙሉ ያውቃል። የሚችል ሰው የራሱን ኖድ፣ ማለትም የመዝገቡን ሙሉ ግልባጭ፣ በቤቱ ቢያስቀምጥ ጥያቄው ከቤቱ አይወጣም።

አራተኛ፣ የምትገዙበት ገበያ መታወቂያችሁን ይዟል። ከዚያ በስማችሁ ያወጣችሁት ሳንቲም ስማችሁን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ይህን ለግብርና ለሕግ ሲባል የሚገባ ነው እላለሁ፤ ነገር ግን መዝገቡ ከሕግ እጅ ሊያፈተልክ ይችላል። የቁልፍ ማስቀመጫ መሣሪያ የሚሸጠው የሌጀር ኩባንያ የደንበኞች መዝገብ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. በአደባባይ ሲዘረገፍ ከ270 ሺሕ በላይ ሰዎች ስም፣ የቤት አድራሻና ስልክ ወጥቷል። እንግዲህ በማትፈልጉት ቦታ ሁሉ ስማችሁንና ቤታችሁን አትጻፉ።

አምስተኛ፣ ገመናን ለመሸፈን የተሠሩ መንገዶች አሉ። የብዙ ሰዎችን ክፍያ በአንድነት የሚያዋሕደው ኮይንጆይን፣ ትንንሽ ክፍያን ከአደባባይ መዝገብ ውጭ የሚያካሂደው ላይትኒንግ፣ ላኪውንም ተቀባዩንም መጠኑንም የሚሸፍነውና ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ሞኔሮ ይጠቀሳሉ። ሕጉ ግን በየአገሩ ይለያያል፤ ይለዋወጣልም። የአሜሪካ መንግሥት ቶርኔዶ ካሽ የተባለውን ማደባለቂያ በነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. በማዕቀብ መዝገብ አስገብቶ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. አውጥቶታል። የምትኖሩበትን አገር ሕግ ሳትጠይቁ አትግቡበት።

ከሁሉም በላይ ግን አታውሩ። ስንት እንዳላችሁ በጠላ ቤትም በፌስቡክም ከተናገራችሁ ምንም ዓይነት ዋሌት አያድናችሁም።

“ታዲያ ንጹሕ ሰው ምን የሚደብቀው አለ?” የሚሉ ወገኖች እንደማይጠፉ አውቃለሁ። ለእነርሱ መልሴ ዕቁብ ነው። የዕቁብ አባል ማን ስንት እንደጣለ ያውቃል፤ ዳኛው ያውቃል፤ ጸሐፊው ይጽፋል። መንገደኛው ግን አያውቅም። ጠብ ከተነሣ ሽማግሌ መዝገቡን ያስቀርባል። ማወቅ የሚገባው ያውቃል፤ የማይገባው አያውቅም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ሲጠብቅ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ሲወጣ ያሰቡት ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ግብር መክፈል ግዴታ ነው፤ ፍርድ ቤት ሲጠይቅ ማሳየትም ተገቢ ነው። ለቆሎ ሻጭ መቀነትን ዘርግፎ ማሳየት ግን ግዴታ ሆኖ አያውቅም። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ለባንክ ሒሳብም የፋይዳ ቁጥር ከተጠየቀ ወዲህ፣ ይህ ጥያቄ የክሪፕቶ ተጠቃሚዎች ብቻ ሳይሆን የሁላችን ሆኗል። መዝገቡን ማን ያያል? ማን ፈቅዶለት? ማየቱስ የት ይጻፋል?

የገመና ዋጋም አለው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አድላዊ እሆናለሁ። ጠገራውን በገንቦ ቀብሮ ቦታውን ለልጁ ሳይነግር የሞተ ባላገር ሀብቱን ለምድር አውርሷል። ዛሬም 12 ወይም 24ቱን የመልሶ ማግኛ ቃላት የጠፋበት ሰው የሚጮኽበት ቅርንጫፍ፣ የሚለምነው ሥራ አስኪያጅ የለውም። ስለዚህ ከምታምኑት አንድ ሰው ጋር ምሥጢሩን በጥንቃቄ ማስቀመጥ ብልኅነት ነው።

የእኅቴ ልጅ ያንን አድራሻ ትቶታል፤ ለአስፈራሪውም ምንም አልላከም። የድሮው መዝገብ ግን አሁንም አለ፤ ወደፊትም ይኖራል። እንጦጦ ላይ ያየኋቸውን እናት ነገርኩት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና “እርሳቸው መጀመሪያ ጀርባቸውን ነው ያዞሩት፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ፎቶዬን ለጠፍኩ” አለኝ።

ቸር ይግጠመን።